የዓባይ በረሃ ፎቶ ላይ ለምን ሜዳ መሰለ?

ክሩን (ይህን የኢንተርኔት ውይይት) የከፈትኩት እኔ ነኝ። ደብረ ማርቆስ ትንሽ ፎቶ ቤት አለኝ፤ ሠርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃት፣ ጉርድ ፎቶ፣ የመጣውን ሁሉ እሠራለሁ። ባለፈው መስከረም አንድ ሆቴል ለእንግዳ መቀበያው ግድግዳ የሚሆን የዓባይ በረሃ ፎቶ አዘዘኝ። ደጀን ሄጄ አፋፉ ላይ ቆሜ አነሳሁት፤ 1 ሜትር ከ80 ስፋት አሳትሜ፣ ፍሬም አስገብቼ፣ ራሴ ሰቀልኩት። ባለቤቱ በሩ ላይ ቆሞ ጥቂት አየውና የታረሰ ማሳ እንደሚመስለው ነገረኝ። በሳምንቱ ፎቶው ተመለሰልኝ፤ ቀሪው ሒሳብም በዚያው ቀረ።

ገንዘቡ አሳስቦኛል፤ ከገንዘቡ በላይ ያንገበገበኝ ግን ሰውየው እውነቱን መሆኑ ነው። ያ አፋፍ ላይ ስቆም ጉልበቴ ይብረከረካል። ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል የሚወርድ ገደል ነው። ወረቀቱ ላይ ሲሆን ቡናማና አረንጓዴ ጨርቅ የተዘረጋ ይመስላል። ስለዚህ ፎቶውን ለጠፍኩና መስከረም መጨረሻ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ፣ በ24 ሚሊ ሜትር ሌንስ እንዳነሳሁት ጽፌ ጠየቅሁ፦ ጥልቀቱ የት ገባ? ሌንስ ልግዛ ወይስ ያላየሁት ነገር አለ?

33 መልስ መጣ። ክሩ ረዝሟል፣ ግማሹም ጭቅጭቅ ነው፤ አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉ ደግሞ ያንኑ ጥያቄ መልሶ ይጠይቃል። ለዚህ ብዬ መልሶቹን በየቁጥራቸው እየጠራሁ በራሴ አነጋገር አስቀመጥኳቸው።

1ኛው መልስ ከቡሬ ነው። ፎቶው ምንም እንከን እንደሌለው፣ ሆቴሉ ጥበብ እንደማያውቅ ጽፎ አጽናናኝ። አመሰገንኩት፤ የጠየቅሁት ግን ማጽናኛ አልነበረም።

2ኛው ባሕር ዳር ላይ የሠርግ ቪዲዮ የሚሠራ ባለሙያ ነው። ችግሩ ሌንሱ ነው አለ፤ ከ70 እስከ 200 የሚሄድ ዙም ብገዛ ተራራው ተጠግቶ ግርማው እንደሚወጣ አስረዳ። 3ኛው ተቃራኒውን መከረ፦ ረጅም ሌንስ ሁሉን ነገር አንድ ላይ ጨፍልቆ ያጣብቃል፣ ጥልቀት የሚሰጠው ዋይድ (ቁጥሩ አነስ ብሎ ሰፊ ቦታ የሚይዝ ሌንስ) ነውና 16 ሚሊ ሜትር ግዛ። 4ኛው ስልክ የሚሸጥ ልጅ ይመስለኛል፤ ከሌንስ ይልቅ ፖርትሬት ሞድ ያለው ስልክ እንደሚያዋጣኝ ጽፎ ሁለት ሞዴል ጠቆመ።

5ኛዋ እርምት ይዛ መጣች። ፖርትሬት ሞድ የሚያደርገው ከሰውየው ጀርባ ያለውን በሶፍትዌር ማደብዘዝ ነው፤ የጸጉሩን ዳር አብሮ እንደሚበላውም ያነሳ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ፎቶግራፈሮች የትኩረት ጥልቀት የሚሉት፣ ማለትም ከየት እስከ የት ጥርት ብሎ እንደሚታይ፣ አንድ ነገር ነው፤ እኔ የጠየቅሁት ደግሞ ሌላ። ገደሉ ሙሉ በሙሉ ጥርት ብሎም ሜዳ ሊመስል ይችላል፣ የኔ ፎቶ ላይ የሆነውም ይኸው ነው። በትሕትና ነበር የጻፈችው። 4ኛው መልሶ አልተከራከረም።

6ኛው የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፣ ከሞጣ። በረሃው ለምን ጨርቅ እንደመሰለ ከድንጋዩ ተነሥተው አስረዱ። ግድግዳው ከላይ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከሱ በታች ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ፣ ቀጥሎ ጂፕሰም ያለበት ንጣፍ፣ ከታች ቀላ ያለ የአሸዋ ድንጋይ ነው። ንጣፎቹ አግድም የተኙ ናቸው፤ ፊት ለፊት የቀትር ፀሐይ ሲያርፍባቸው እንደ መቀነት ጥለት ጎን ለጎን ይታያሉ፤ የቱ ወጣ እንዳለ፣ የቱ ገባ እንዳለ ዓይን መለየት ያቅተዋል። 7ኛው እኔው ነኝ፣ መምህሩን አመስግኜ ታዲያ ምን ላድርግ ብዬ የጠየቅሁበት።

8ኛውን መልስ አትሜ ፎቶ ቤቴ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። የጻፈችው ባሕር ዳር የምትኖር፣ ጣናንና ዙሪያውን በዘይት ቀለም የምትሥል ሴት ናት። ስለ ሌንስ አንድም ቃል አላነሳችም። ሦስት ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

የመጀመሪያው፦ ጥላው የታለ? ደጀን ያለው ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ በመስከረም መጨረሻ በቀትር ፀሐይ አናት ላይ ልትሆን ምንም አይቀራት። የሰው ጥላ እግሩ ሥር ይገባል፤ የገደሉም ጥላ እንዲሁ። አንድ እንቁላል ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጠህ መብራቱን ከአናቱ አድርገህ እየው አለችኝ፤ ቀጥሎ መብራቱን ወደ ጎን ውሰደው። እኔም የዚያኑ ዕለት ማታ በስልክ መብራት ሞከርኩት። መብራቱ ከላይ ሲሆን እንቁላሉ ነጭ ክብ ወረቀት መሰለ። ወደ ጎን ሳወርደው ከአንድ ጎኑ ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ግራጫ የሚሄድ ሆድ አወጣ፣ ጥላውም ወረቀቱ ላይ ተጋደመ። ከሥሩ፣ ወረቀቱን በሚነካበት ቦታ፣ ጠቆር ያለች ቀጭን መስመር ነበረች፤ እሷን በጣቴ ስሸፍናት እንቁላሉ ከወረቀቱ ተነሥቶ የተንሳፈፈ መሰለኝ። እንቁላል በየቀኑ አያለሁ፣ ይህችን መስመር ግን ከዚያ ቀን በፊት አይቻት አላውቅም።

ሁለተኛው፦ ቅርብ ያለው ነገር የታለ? ፎቶዬ የሚጀምረው ከገደሉ ማዶ ነው። አፋፉን፣ ሣሩን፣ ድንጋዩን ቆርጬ አስወጥቼዋለሁ። ዓይን ርቀትን የሚለካው መጠኑን ከሚያውቀው ነገር ተነሥቶ ነው። ሰው፣ በሬ፣ የግራር ዛፍ ከፊት ካለ፣ ያኔ ከኋላው ያለው ግድግዳ ስንት እጥፍ እንደሆነ ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። አንዱ ነገር ሌላውን ከፊል ሲጋርደውም የቱ ፊት፣ የቱ ኋላ እንደሆነ ወዲያው ይለያል፤ ከሁሉ ምልክት ቀላሉ እሱ ነው።

ሦስተኛው ያልጠበቅሁት ነበር፦ አየሩ የታለ? በመስከረም ክረምቱ አየሩን አጥቦታል፤ አቧራ የለ፣ ጭስ የለ። ሩቁ ግድግዳ እንደ ቅርቡ ጥርት ብሎ፣ ቀለሙም ሳይለወጥ ይታያል፤ ስለዚህ ቅርብ ይመስላል። ሠዓሊዋ ተራራ ስትሥል የመጀመሪያውን ሸንተረር በጥቁር ቡናማና በደማቅ አረንጓዴ፣ ቅጠሉን ሳይቀር ትሠራዋለች። ለሁለተኛው ያንኑ ቀለም ነጭና ሰማያዊ ጠብ ታደርግበታለች። ለሦስተኛው ሌላ ጠብታ ትጨምርና ዝርዝሩን ትተዋለች። የመጨረሻው ከሰማዩ የሚለየው ለጥቂት ነው። ምክንያቱን ስትጽፍ፣ በመካከል ያለው አየር የብርሃንን ሰማያዊ ክፍል ከሌላው አብልጦ ይበትነዋል፤ ጥቁር ተራራ በራቀ ቁጥር በላዩ ሰማያዊ የሚደረብበት ለዚህ ነው። ነጭ ነገር ሲርቅ ደግሞ በተቃራኒው ወደ ቢጫ ያደላል፣ ከአድማስ አጠገብ ያለ ደመናን ማየት ነው። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ይህን ከ500 ዓመት በፊት አስተውሎ እንደጻፈውም አስታወሰችን።

በ9ኛው ላይ ግራ ተጋብቼ ጻፍኩ። ጥርት ያለ አየር ለፎቶ ጸጋ ይመስለኝ ነበር፤ እኔም መስከረምን የመረጥኩት ለዚሁ ብዬ ነው። 10ኛው መልስ ከጮቄ ሥር ከሚኖር መምህር መጣና ሐሳቤን አቀናው። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ ጮቄ ወደ ቤታቸው የቀረበ እንደሚመስል፣ በልጅነቱም ተራራው ሌሊት ተራምዶ መጣ ብሎ ለእናቱ እንደነገራት ጻፈ። በየካቲትና በመጋቢት አቧራውና የማሳው ጭስ ሲነሳ ያው ተራራ ወደ ኋላው ይሸሻል። እዚያው ላይ ጅብራው (የደጋው ረጅም ተክል) በጉም መካከል ቆሞ የተነሳ አንድ ፎቶ ለጠፈ፦ የፊተኛው ጅብራ ጥቁር፣ ሁለተኛው ግራጫ፣ ሦስተኛው ጥላ ብቻ። አራት ቀለም የሌለው ፎቶ ነው፤ ግን እጅህን ብትሰድበት እስከ ክንድህ የሚገባ ይመስላል።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሰላም ነበር።

11ኛው ከፍኖተ ሰላም ነው፤ 2ኛውና 3ኛው ሁለቱም ተሳስተዋል ብሎ ገባ። ሌንስ አይጨፈልቅም፣ አይዘረጋምም፤ በነገሮች መካከል ያለውን ዝምድና የሚወስነው የቆምክበት ቦታ ብቻ ነው። አባባሉን በፎቶ አስደግፎታል። አንድ ቦታ ቆሞ ጓደኛውንና ከኋላው ያለውን ባሕር ዛፍ በ24 እና በ200 ሚሊ ሜትር አነሳ። የ24ቱን መካከል ቆርጦ ሲያሳድገው ከ200ው ጋር አንድ ሆነ፤ ጥራቱ ወረደ እንጂ ሰውየውና ዛፉ ያላቸው መጠን አልተነካም። ቀጥሎ ጓደኛው በሁለቱም ፎቶ እኩል እንዲታይ አድርጎ ቦታውን ቀየረ፦ በ24 ከ3 ሜትር፣ በ200 ከ25 ሜትር ርቀት። ዛፉ ከሰውየው 50 ሜትር ወደ ኋላ ነው። በሁለተኛው ፎቶ ዛፉ ከመጀመሪያው 6 እጥፍ ያህል ገዝፎ ወጣ። ሌንስ ሠራው የሚባለውን የሠራው እግሩ ነው።

12ኛው የ2ኛው ሰው መልስ ነው፣ ተቆጥቶ። ስንት ዓመት እንደሠራበት፣ ስንት ሠርግ እንዳነሳ፣ በስሌት ሳይሆን በዓይኑ እንደሚያምን ጻፈ። 13ኛው፣ ያው የፍኖተ ሰላሙ፣ ዓመት መቁጠር ማስረጃ አይሆንም፣ ካሜራ ካለህ አሁኑኑ ውጣና ሞክረው ብሎ አጠረው። ነገሩ እውነት ነው፤ አነጋገሩ ግን ሸካራ ነበር፣ ይህንን በግል ጽፌለታለሁ። 14ኛው ሽማግሌ ሆኖ ገባ፦ ረጅም ሌንስ የያዘ ሰው በልማድ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ዋይድ የያዘ ይጠጋል፤ ስለዚህ 2ኛውም 3ኛውም ያዩት ነገር አለ፣ የተሳሳቱት ምክንያቱን ነው። 2ኛው ከዚያ በኋላ አልጻፈም። ክሩ ውስጥ ቢቆይ ደስ ይለኝ ነበር፤ መብራት አያያዝ ላይ ብዙ የሚያውቅ ሰው ነው።

ከዚህ ክርክር ለኔ የተረፈኝ ነገር ትልቅ ነው። ማዶ ያለው የዓባይ ግድግዳ እኔ 10 እርምጃ ብጠጋም ብርቅም ለውጥ የለውም። በእጄ ያለው ከቅርቡ ነገር ጋር ያለኝ ርቀት ብቻ ነው። መስከረም ላይ ግን ከፊቴ ምንም ቅርብ ነገር አልነበረም፣ እግሬን ላንቀሳቅስበት የሚገባው ምክንያትም አብሮ ጠፍቷል።

15ኛዋ የአርክቴክቸር ተማሪ ናት። ማንም ያላነሳውን ጠየቀች፦ ፎቶው የተሰቀለው የት ነው፣ የሚታየውስ ከምን ያህል ርቀት ነው? ከበሩ እስከ ግድግዳው 6 ሜትር ገደማ መሆኑን ስነግራት ሒሳቡን ሠራችው። የካሜራዬ ሴንሰር (ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል) 36 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ 1 ሜትር ከ80 ሲታተም 50 ጊዜ አድጓል። ሌንሱ 24 ስለሆነ፣ 24 በ50 ሲባዛ 1 ሜትር ከ20 ይሆናል። ፎቶውን ካሜራው እንዳየው አድርጎ ማየት የሚቻለው ከዚያ ርቀት ላይ ቆሞ ነው። አፋፉ ላይ 74 ዲግሪ ያህል ዓይን የሞላ ገደል ከ6 ሜትር ላይ 17 ዲግሪ ብቻ ይይዛል፤ አንገት የሚያዞረው ሁሉ እንደ ሩቅ መስኮት ያንሳል። ከበሩ ለሚያይ ሰው የሚስማማው በ120 ሚሊ ሜትር የተነሳ ነው፤ ወይ ደግሞ ያው ፎቶ ሰው በቅርብ በሚያልፍበት ኮሪደር ላይ ይሰቀል። ይህ ከጥልቀት ይልቅ የግዝፈት ጉዳይ መሆኑን እሷው ራሷ ጨምራለች፤ ሁለቱ ግን በአንድ ላይ እንደሚሄዱ እኔ አይቻለሁ። ደንበኛ ፎቶ ሲያዝዝ ከዚያን ጊዜ ወዲህ መጀመሪያ የምጠይቀው የት እንደሚሰቀል ነው።

16ኛው አጭር ነበረች፦ ወረቀት እንደ ቱቦ ጠቅልል፣ አንድ ዓይንህን ጨፍን፣ በቱቦው ፎቶውን እይ። ሁለት ዓይናችን በመካከላቸው 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስላለ ወረቀቱ ጠፍጣፋ መሆኑን ያሳብቃሉ፤ ፍሬሙም ያሳብቃል። አንዱን ዓይን ዘግተህ ፍሬሙን ብትደብቅ የሚክድህ ነገር ይቀንሳል። ሞክሬዋለሁ፣ ያ የተመለሰብኝ ፎቶ እንኳ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ። ለልጄም ሰጠኋት፤ ቱቦውን ይዛ ግድግዳ ላይ ያለውን ሁሉ ስታይ አመሸች።

ከዚያ 17ኛው መጣና ክሩ አቅጣጫውን ቀየረ። ጸሐፊው ስለ መጥፊያ ነጥብ በደንብ አስረድቶ ነው የጀመረው። በግንቦት 2016 የተመረቀውን የባሕር ዳሩን የዓባይ ድልድይ ምሳሌ አደረገ፤ በ380 ሜትሩ ጫፍ ቆሞ የሚያይ ሰው የመብራት ምሰሶዎቹ፣ የመንገዱ ዳርና የእጅ መደገፊያው ሁሉ ወደ አንድ ነጥብ ሲሰበሰቡ ያያል፣ ያ ነጥብም በተመልካቹ ዓይን ከፍታ ላይ ነው። ቆመህ ካየህ፣ ሜዳ ላይ ከቆሙት ቁመትህን ከሚያክሉ ሰዎች የቅርቡም የሩቁም ዓይን አድማሱ ላይ ይውላል፤ ብትንበረከክ የሁሉም ራስ ከአድማሱ በላይ ይወጣል። ለሚሥል ሰው ወርቅ የሆነ ዘዴ ነው። ደንቡን በሥራ ያሳየው ጣልያናዊው አርክቴክት ብሩኔሌስኪ በፍሎረንስ መሆኑን፣ የአገሩ ሰው አልበርቲም እ.ኤ.አ. በ1435 እንደጻፈው ጠቀሰ። እዚህ ላይ ቢያቆም መልካም ነበር። የኛ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ይህንን ስላላወቁ ሥዕላቸው ጠፍጣፋ ሆኖ ቀረ ብሎ ደመደመ።

18ኛውን የጻፉት አንድ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ናቸው፣ ከመርጡለ ማርያም አካባቢ። ክሩ ላይ ሁላችንም የኔታ ነው የምንላቸው። አጻጻፋቸው ቁጣ ነበረው። ሳይጠይቁ አያውቁም ማለት የማን ትምህርት ነው ብለው ጀመሩ። በሥዕላቸው ቅዱሱ የሚገዝፈው በክብር ስለሚበልጥ ነው፣ ቅርብ ስለቆመ አይደለም። ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ይሣላል፣ ኃጥእ በጎኑ፣ አንድ ዓይኑ ብቻ እየታየ፤ ይህም የቦታ ሳይሆን የማንነት ነገር ነው። ማዕዱ ከላይ እንደታየ የሚሣለው ኅብስቱና ጽዋው አንዱ ሌላውን እንዳይጋርድ ነው። ከእመቤታችን ጀርባ ገደል ብቆፍር፣ ሊጸልይ የመጣው ሰው ፊቷን ትቶ ገደሉ ውስጥ ይገባል፤ ሥዕሏ ወደ ሰው ትመጣለች፣ ሰው ወደ ሥዕሉ ውስጥ አይሄድም። ሲጨርሱ፣ ለገበያ ጣናንና ታንኳን በርቀት አድርገው እንደሚሥሉ፣ ሸንተረሩን ማደብዘዝም ከ8ኛዋ ሳይማሩ እንደሚያውቁት ጻፉ።

ይህን መልስ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። እኔ በበኩሌ ከየኔታ ጋር ነኝ። ጥልቀት መስጠት ምርጫ ከሆነ መንፈግም ምርጫ ነው።

19ኛዋ በዘጌና በጣና ደሴቶች እንግዶችን ስታስጎበኝ የኖረች ሴት ናት፤ ክርክሩን ወደ ማስረጃ መለሰችው። ደቅ ደሴት ላይ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩትን ናርጋ ሥላሴን ያየ ሰው በጉንጭና በአንገት ላይ የተሠራውን ጥላ፣ ከቢጫ ወደ ቀይ እየተሸጋገረ የሚሄደውን ጀርባ ያያል፤ የ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛው የጎንደር አሣሣል መለያው ይህ ነው። ጥላና ሙላት አልጠፋባቸውም፤ የተጠቀሙበት ለፊቱ እንጂ ለመልክዓ ምድሩ አይደለም። ሁለተኛ ነጥቧ የበለጠ ጠነከረብኝ። ብራንካሊዮን የተባለው የቬኒስ ሠዓሊ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1480 ገደማ ነው፤ አልበርቲ ደንቡን ከጻፈ ከ40 ዓመት በላይ አልፎ ማለት ነው። ለዐሥርት ዓመታት እዚሁ ሲሥል ኖረ። ጣልያናዊ እጅ ለረጅም ዘመን አገር ውስጥ ሲሠራ ከኖረ፣ አላዩም አልሰሙም የሚለው ምክንያት ብቻውን አይበቃም።

20ኛው የ17ኛው ሰው ነው። ቃሉን ከፊሉን መለሰ፦ አላወቁም ማለቱን ተወ፣ ግን የመጥፊያው ነጥብ ትምህርት ቢኖር ሠዓሊው የሚመርጥበት ሁለተኛ መንገድ ይኖረው ነበር አለ። የኔታ በ21ኛው ላይ አንድ መስመር ብቻ ጻፉ፤ መምረጥ የሚያስፈልገው መድረሻውን ላላወቀ ነው የሚል። ሁለቱ አልተስማሙም፣ ክሩም አላስማማቸውም።

22ኛው ዋሸራ ቅኔ የተማረ ወጣት ነው። ቅኔም ጠፍጣፋ ቃል ላይ ጥልቀት መሥራት ነው፤ ሰሙ ፊት ይቆማል፣ ወርቁ ከኋላው፣ ኅብሩ ሁለቱን ባንድ ቃል ይይዛቸዋል ብሎ ረዘም አድርጎ ጻፈ። ደስ የሚል ነው። 23ኛው፣ የፍኖተ ሰላሙ ሰው፣ ይህ ሁሉ ለፎቶ አንሺው ምን ይፈይዳል፣ ወደ ጥያቄው እንመለስ አለ። ተቆጣ። እሱም እውነቱን ነው፣ እኔ ግን የቅኔውን መልስ አስወግዱልኝ አልልም።

24ኛው ከባድ መኪና የሚነዳ ሰው ነው። ስለ ሥዕልም ስለ ሌንስም የሚያውቀው እንደሌለ፣ ዓባይ በረሃን ግን በእግሩ ጫማ እንደሚያውቀው ጻፈ። ደጀን ላይ ጃኬት ለብሶ ይነሳል፤ ሲወርድ ጆሮው ይደፈናል፤ መካከል ላይ ጃኬቱን ያወልቃል፤ ድልድዮቹ ጋ ሲደርስ ሸሚዙም ይከብደዋል። የፍሬን ሽታ ከመስኮት ሲገባ ገና ግማሽ መንገድ እንደቀረው ያውቃል። ከዚያ 25፣ 26 እና 27 መንገዱ ስለተቦረቦረበት ቦታ፣ ስለተበላሸ ሲኖትራክ፣ በረሃው ውስጥ ስለሚሸጥ ማንጎ ሆነ። 28ኛው ሹፌሩን ክር አበላሸህ ብሎ ዘለፈው። ያልተገባ ዘለፋ ነው። ጥልቀቱ የት ገባ ብዬ ለጠየቅሁት፣ በሰውነቱ የመለሰልኝ እሱ ብቻ ነበር።

29ኛው የኔ ነው፣ በታኅሣሥ። ደጀን ተመልሼ ሄድኩ፤ ያው አፋፍ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከሩብ። ከጫፉ 15 እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ሸሸሁና አፋፉን ራሱን ወደ ፎቶው አስገባሁ። ጋቢ የተከናነበ እረኛ ልጅ በትሩን ትከሻው ላይ አጋድሞ ቆሟል፤ አባቱን አስፈቅጄ ነው ያነሳሁት። ከግራ የሚመጣው ብርሃን የጋቢውን እጥፋት አንድ በአንድ ለይቶታል፤ የግራሩ ጥላ ሣሩ ላይ እስከ እግሬ ተጋድሟል። ከልጁ ትከሻ በታች የመንገዱ ጠመዝማዛ ይወርዳል፣ እዚያ ላይ አንድ ሲኖትራክ የባቄላ ፍሬ አክሎ ይታያል። ከመንገዱ ኋላ አንዱ ሸንተረር ሌላውን እየጋረደ አራት ጊዜ ይደራረባል፣ የመጨረሻው ከሰማዩ የሚለየው በጭንቅ ነው። ሌንሱ ያው የድሮው ዙሜ ነበር፣ 50 ላይ አድርጌው። የገዛሁት ነገር የለም።

30ኛዋ ሠዓሊዋ ናት፤ ሦስተኛው ሸንተረር ላይ ኤዲት ሳደርግ ንፅፅሩን አብዝቼ አየሩን እንደገደልኩት ነገረችኝ። ትክክል ነበረች፣ መልሼ አስተካከልኩት። 31ኛው መምህሩ ናቸው፤ የኖራ ድንጋዩ አሁን እንደ ደረጃ ወጣ ብሎ እንደሚታይ በደስታ ጻፉ። የኔታ በ32ኛው ላይ የልጁ ፊት ወደ ገደሉ በመዞሩ አዘኑ፤ ፊቱ ወደ ሰው ቢሆን ይመርጡ ነበር። ያን ፎቶም አንስቼው ነበር፤ በውስጥ መስመር ላክሁላቸው።

33ኛው ሹፌሩ ነው። ከዘለፋው በኋላ የሚመለስ አልመሰለኝም ነበር። ፎቶውን አሳድጎ አይቶት መታጠፊያውን ለይቶታል። መኪናው ካለበት ቦታ እስከ ድልድዩ ገና ብዙ ቁልቁለት እንደሚቀር፣ ሹፌሩም በዚያ ሰዓት በሁለተኛ ማርሽ ይዞ ፍሬኑን እያሳረፈ እንደሚሆን፣ ጃኬቱንም ገና እንዳላወለቀ ጻፈ። ባለቤቱ በረሃውን አይታው አታውቅም፤ ሲዘገይ ለምን እንደሚዘገይ ሊያስረዳት ሞክሮ አልሆነለትም። ለቤቱ የሚሆን አንድ ቅጂ ስንት እንደማስከፍለው ጠየቀኝ። ከሶፋው እስከ ግድግዳው ስንት ሜትር እንደሆነ ለክቶ እንዲልክልኝ መለስኩለት።